ቫይራል ሎዴ 112 ሆነ፣ ሲዲ ፎሬም በአንድ ቀን ሁለት ቁጥር መጣ። የቱን ልመን?

ዘጠኝ_ዓመት | ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለቤቱ። ለወትሮው አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን አላስቻለኝም።

የኤችአይቪ መድሃኒት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሞልቶኛል። ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ ቫይራል ሎዴ (ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) "ከ20 በታች" ወይም "አልታየም" ከማለት ሌላ ብሎ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ውጤት ልቀበል ስሄድ 112 አሉኝ። አንድ ቀን እንኳ አልዘለልኩም። የስልኬ ደወል ሲጮህ ነው የምውጠው። ውጤቱን የሰጠችኝ ልጅ ግን "እያሳለፍክ ነው እንዴ?" ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እውነት ለመናገር ከቁጥሩ ይልቅ ያ አስተያየት ነው የቆረቆረኝ።

በእልህ ሄጄ በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ሲዲ ፎር (የመከላከያ ሴሎች ቆጠራ) ተሰራሁ። ጠዋት 2 ሰዓት የተቀዳው 470 መጣ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሌላ ቦታ የተቀዳው ደግሞ 611። በ8 ሰዓት ውስጥ 141 ሴል ከየት ተወለደ?

የትኛው ነው የተሳሳተው? መድሃኒቱስ ተላመደብኝ ማለት ነው? ባለቤቴ ከቫይረሱ ነጻ ናት። ስለ 112ቱ ገና አልነገርኳትም።

ጠርጣራው | ሰኞ፣ ማታ 3፡41

ሁለቱም ተሳስተዋል። እኔ የላብራቶሪ ወረቀት ማመን ካቆምኩ ቆየሁ። አንዱ ጋ ታይፎይድ አለብህ ይሉሃል፣ መንገድ ተሻግረህ ሌላው ጋ ስትገባ ንጹህ ነህ ይሉሃል። ማሽኑም ሰውም ደክሞታል።

ሐምራዊ_ክዳን | ሰኞ፣ ማታ 5፡02

ተረኛ ስለሆንኩ ዘግይቼ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ 14 ዓመት ሰርቻለሁ። ስሜም የመጣው ሲዲ ፎር ከሚቀዳበት ቲዩብ ክዳን ነው።

ዘጠኝ ዓመት ወንድሜ፣ ማን ዋሸኝ ከማለትህ በፊት አንድ ነገር ላስይዝህ። ሰው ወረቀት ላይ 470 ሲያነብ፣ ቆጥረው ቆጥረው 470 ላይ ያቆሙ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የደም ምርመራ ቁጥር ሁሉ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝበት ቦታ አለው። ከፊሉ ከማሽኑ ነው፣ ከፊሉ ከአቀዳዱ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ከራስህ ሰውነት ነው። ሲዲ ፎር በተለይ ይወዛወዛል። ጠዋት ዝቅ ይላል፣ ወደ ማታ ከፍ ይላል። ጉንፋን ያወርደዋል። ኮርቲዞን ያለበት መድሃኒት ያወርደዋል። በእርግዝና ጊዜ ደም ስለሚቀጥን ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ጣፊያው በቀዶ ጥገና የወጣ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ያለ ልክ ከፍ ብሎ ያታልላል።

ስለዚህ በሁለት ምርመራ መካከል ያለው ልዩነት 30 በመቶ ካልደረሰ "ተለወጠ" አንልም። ያንተን አስላው። ከ611 ወደ 470 ስንወርድ ልዩነቱ 23 በመቶ ነው። ለእኔ ሁለቱም አንድ ውጤት ናቸው።

ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ሁለቱም ወረቀት ላይ ከዋናው ቁጥር አጠገብ በመቶኛ የተጻፈ ሲዲ ፎር አለ። ጠቅላላ የነጭ ደም ሴልና የሊምፎሳይት (የነጭ ደም ሴል አንዱ ዓይነት) መቶኛም ካለ ጨምረህ ጻፍልን።

ዘጠኝ_ዓመት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

አገኘሁት።
የጠዋቱ፦ ነጭ ደም ሴል 4,900፣ ሊምፎሳይት 32 በመቶ፣ ሲዲ ፎር 30 በመቶ።
የከሰዓቱ፦ ነጭ ደም ሴል 5,800፣ ሊምፎሳይት 34 በመቶ፣ ሲዲ ፎር 31 በመቶ።

ቆይ፣ 30 እና 31? ይሄማ ያው ነው!

ሐምራዊ_ክዳን | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡55

በቃ፣ ራስህ ደረስክበት።

ብዙ ላብራቶሪ ዋናውን ቁጥር የሚያገኘው በማባዛት ነው። 4,900 ሲባዛ በ32 በመቶ፣ እሱ ሲባዛ በ30 በመቶ፣ 470 ይሆናል። 5,800 ሲባዛ በ34፣ ሲባዛ በ31 ደግሞ 611። ሦስት ቁጥር ስታባዛ የሦስቱም ትንሽ ትንሽ ስህተት አብሮ ይባዛል። ነጭ ደም ሴል ደግሞ ደረጃ ሮጠህ ስለወጣህ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። መቶኛው ግን ረጋ ያለ ነው። እሱ 3 ነጥብ ካልተንቀሳቀሰ እኛ አንደነግጥም። አንዳንድ ማሽኖች ሳያባዙ በቀጥታ ይቆጥራሉ። አንዱ ያባዛል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንተ መሃል ላይ ትጨነቃለህ።

ለዚህ ነው ሰዉን ሁሌ የምለምነው። አንድ ቦታ ተከታተሉ። በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓት ተቀዱ። "ለማመሳከር" ብሎ ሦስት ቦታ መዞር ማመሳከር አይደለም፣ ሦስት የተለያየ ሜትር ይዞ አንድ ግድግዳ መለካት ነው።

ደግሞ ለሲዲ ፎር የተቀዳ ደም ፍሪጅ አይገባም። በክፍል ሙቀት ይቀመጣል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መሰራት አለበት። ደግ የዋለ መስሎት ከበረዶ ጋር አሽጎ የሚልክ ሰው አጋጥሞኛል። ያ ናሙና ሲደርሰን ለሲዲ ፎር አይሆንም።

ጠርጣራው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

እሺ፣ ሲዲ ፎሩን ተውኩት። 112ስ? ዘጠኝ ዓመት ያልታየ ቫይረስ ከየት ተነስቶ ነው 112 የሆነው?

የማታ_ተረኛ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡15

ነርስ ነኝ። የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድሃኒት) ክፍል ነው የምሰራው። መጀመሪያ ስለዚያች ልጅ አስተያየት ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጠየቁ ግዴታችን ነው፣ አጠያየቁ ግን ሰው ይሰብራል።

ዘጠኝ ዓመት፣ መድሃኒትህ ቫይረሱን አያጠፋውም፣ ያስተኛዋል። የተኙ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ አለ። አልፎ አልፎ አንዳንዱ ሴል ይነቃና ጥቂት ቫይረስ ወደ ደም ይረጫል። መድሃኒቱ ስላለ ሌላ ሴል ውስጥ ገብቶ አይራባም። ደም የተቀዳኸው በዚያች ሰዓት ከሆነ ማሽኑ ያየዋል። በእንግሊዝኛ ብሊፕ ይሉታል። እኛ "ብልጭታ" እንለዋለን።

በዚህ ላይ አንድ በደንብ የተሰራ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የሰሩት ነው። ቫይረሳቸው በደንብ የተያዘላቸውን 10 ሰዎች መርጠው በየ2 እና 3 ቀኑ ደም ቀዱ። ወር አልፎ ወር። ከ10ሩ 9ኙ ቢያንስ አንዴ ብልጭ አለባቸው። የብልጭታው መካከለኛ መጠን 79 ኮፒ (በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለ የቫይረስ ቁጥር) ነበር። ብዙውን ጊዜም 3 ቀን ሳይሞላው ይጠፋል። አዲስ የመድሃኒት መላመድም አላገኙም። አስበው፣ ዘጠኙም በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ቢመረመሩ ኖሮ አብዛኞቹ ሳያውቁት ያልፉ ነበር።

መድሃኒቱ ሰራ አልሰራም የሚለው የሚወሰነው በአንድ ቁጥር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መስመር ከ1000 በላይ ሁለት ተከታታይ ውጤት ነው፣ በመካከሉ የአወሳሰድ ምክር ተሰጥቶ። ጠበቅ የሚያደርጉ አገሮች ከ200 በላይ ሁለቴ ይላሉ። 112 ከሁለቱም በታች ነው። ግን አይናቅም፣ በ3 ወር ውስጥ ይደገማል። ያም ከፍ ካለ ሌላ ወሬ እናወራለን።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከምርመራው በፊት ታመህ ነበር? አዲስ የጀመርከው ነገር አለ? የጨጓራ ሽሮፕ፣ አይረን፣ ካልሲየም፣ ማንኛውም ቫይታሚን?

ዘጠኝ_ዓመት | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡05

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ። ከምርመራው በፊት በነበረው ሳምንት ክፉ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። የጨጓራ ሽሮፕ ደግሞ አዎ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ጠጥቻለሁ። ከመድሃኒቱ ጋር አንድ ላይ ነበር የምወስደው፣ ማታ ማታ። ችግር አለው?

የማታ_ተረኛ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20

አለው! የምትወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበት ከሆነ (ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው እሱን ነው) ማግኒዥየም ወይም አልሙኒየም ያለበት የጨጓራ መድሃኒት አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ተውጦም እንዳልተዋጠ ይቆጠራል። የኤችአይቪውን ሽሮፑን ከመጠጣትህ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከጠጣህ 6 ሰዓት በኋላ ውሰድ። አይረንና ካልሲየም ግን ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ መውሰድ ይቻላል።

112ቱን ያመጣው ሽሮፑ ይሁን፣ ጉንፋኑ ይሁን፣ እንዲሁ ብልጭታ ይሁን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርህ አይችልም። ሽሮፑን ግን አርቀው። ለሐኪምህም ንገረው።

ስለ ባለቤትህ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ፓርትነር የሚባለው ጥናት 888 ጥንዶችን ተከታትሏል፣ 548ቱ ወንድና ሴት ናቸው። አንዱ ቫይረሱ አለበት፣ አንዱ የለበትም። ኮንዶም አይጠቀሙም። የታካሚው ቫይራል ሎድ ከ200 በታች በሆነበት ጊዜ ሁሉ ከታካሚው ወደ አጋሩ የተላለፈ ኢንፌክሽን ዜሮ ነበር። 112 ከ200 በታች ነው። ንገራት። ቁጥሩን ደብቀህ ፊትህ ሲጠቁር ካየች የባሰ ነገር ነው የምታስበው።

ሐምራዊ_ክዳን | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡48

ሲስተር የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የቲዩቡን ወገን ልጨምር። አንዳንዴ 112ቱ ደምህ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው የሚወለደው።

ቫይራል ሎድ የሚሰራው ከፕላዝማ ነው፣ ማለትም ሴሎቹ ከተለዩ በኋላ ከሚቀረው ብጫ ውሃ። የተኛው ቫይረስ ያለው ሴሎቹ ውስጥ ነው። ደሙ ቶሎ ሴንትሪፊዩጅ ካልተደረገ (በማሽን ተሽከርክሮ ካልተለየ)፣ ወይም ፕላዝማው ወደ ሌላ ቲዩብ ሳይገለበጥ እዚያው ከሴሎቹ ጋር እንዳለ ከበረደ፣ ሴሎቹ ይፈነዱና ውስጣቸው የነበረው ይፈስሳል። ማሽኑ ያንን ይቆጥራል። ፕላዝማውን በጄል የሚለይ አንድ ዓይነት ቲዩብ አለ። እሱን ሳይገለብጡ ማቀዝቀዝ በተለመደበት ቦታ ብዙ ሰው በከንቱ "ቫይረስህ ታየ" ተብሏል። ቲዩቡ ሲቀየር ብልጭታው ቀነሰ። ካርድ ላይ በደረቀ ደም ጠብታ የሚሰራውም ሙሉ ደም ስለሆነ ዝቅተኛ ቁጥር ላይ አይታመንም። እሱ የሚጠቅመው ከ1000 በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ለመለየት ነው።

ሌላው ደግሞ ዕድል ነው። ትልቅ በርሜል ውሃ ውስጥ እፍኝ የሰናፍጭ ፍሬ በትንና በጭልፋ ቅዳ። አንዴ ሦስት ፍሬ ታገኛለህ፣ አንዴ ምንም። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ነው የሚያየው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ውዝዋዜው ይብሳል። ከፍ ባለ ቁጥር ላይ እንኳ በ3 እጥፍ ካልተለወጠ እንደ ለውጥ አንቆጥረውም። 10,000 የነበረው 18,000 ሆነ ብለው ሲያለቅሱ ያየኋቸው ሰዎች አሉ። በእኛ ዓይን አልተንቀሳቀሰም።

ነጻ_ወጣሁ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10

ይሄን ሁሉ ታወራላችሁ። እኔ 6 ዓመት መድሃኒት ወስጄ ባለፈው ወር በጣት ደም ፈጣን ምርመራ አደረግሁ። ነጌቲቭ! ሌላ ቦታ ደገምኩ፣ ነጌቲቭ። መጀመሪያውኑ ተሳስተው ነው ወይም ድኛለሁ። መድሃኒቱን ካቆምኩ 12 ቀን ሆነኝ። ምንም አልሆንኩም።

የማታ_ተረኛ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡22

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ዛሬውኑ ክሊኒክህ ሂድ። ማንም አይቆጣህም። ሁለተኛውን ጽሑፍ እስክጽፍ አትጠብቅ።

ሐምራዊ_ክዳን | ረቡዕ፣ ቀትር 6፡35

ነጻ ወጣሁ፣ ልገላምጥህ አይደለም። ግራ የሚያጋባ ነገር ነው የገጠመህ።

የጣት ፈጣን ምርመራ ቫይረሱን አይፈልግም። ሰውነትህ በቫይረሱ ላይ የሰራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚፈልገው። መድሃኒት ቫይረሱን ለዓመታት ሲያስተኛው ሰውነት ጠላቱን አያይም፣ ስለዚህ የሚሰራው ፀረ እንግዳ አካል እየሳሳ ይሄዳል። በተለይ ገና በተያዙ በሳምንታት ውስጥ መድሃኒት የጀመሩ ሰዎችና ገና ሲወለዱ የጀመሩ ሕፃናት ላይ መስመሩ ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። መመሪያው መድሃኒት ላይ ያለን ሰው በፈጣን ምርመራ አትድገሙት የሚለው ለዚህ ነው። ምርመራው ለዚያ ጥያቄ አልተሰራም።

ሚሲሲፒ ውስጥ የተወለደች አንዲት ሕፃን ነበረች። በተወለደች በ30 ሰዓት አካባቢ መድሃኒት ተጀመረላት። ዓመት ተኩል ሲሆናት ተቋረጠ። ቫይረሱ አይታይም፣ ፀረ እንግዳ አካልም የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 "ዳነች" ተብሎ ዓለም ሁሉ አወራ። ከ27 ወር ያለ መድሃኒት ኑሮ በኋላ፣ በ2014፣ ቫይረሱ ተመለሰ። ቫይረሱ የተመለሰው ባለሙያዎች እየተከታተሏት ሳለ ነው። አብዛኛው ሰው ላይ ግን ካቆመ በ2 ወይም በ4 ሳምንት ይመለሳል። 12 ቀን ምንም አለመሆንህ ምንም አይነግረንም።

በመጀመሪያ ተሳስተው ከሆነስ? ሊሆን ይችላል፣ ደርሶ ያውቃል። ያን ለማወቅ ግን ትክክለኛው መንገድ የድሮ ፋይልህን ማስመርመር ነው። ከመጀመርህ በፊት ወይም ገና ስትጀምር የተሰራ ቫይራል ሎድ አለህ? እዚያ ላይ 40,000 ኮፒ ተጽፎ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ከሌለም ሐኪምህ ተጨማሪ ምርመራ ያዝልሃል። መድሃኒቱን እየወሰድክ ነው ግን።

ጠርጣራው | ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡00

እና የመጀመሪያውም ምርመራ ይሳሳታል ማለት ነው። ይሄንኑ አይደል ስል የነበረው?

ሐምራዊ_ክዳን | ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡14

ጠርጣራው፣ ጥርጣሬህን እወደዋለሁ፣ ድምዳሜህን ነው የማልወደው። በቁጥር ላሳይህ።

10,000 ሰው መርምር። ከ100 አንዱ ቫይረሱ አለበት እንበል፣ 100 ሰው ማለት ነው። 9,900ው የለባቸውም። ምርመራህ ከሌለባቸው ውስጥ 99 በመቶውን በትክክል ነጻ ይላል። በጣም ጥሩ ምርመራ ነው አይደል? የቀረው 1 በመቶ ግን 99 ሰው ነው። ስለዚህ 100 እውነተኛና 99 የውሸት ፖዘቲቭ እጅህ ላይ አለ። በአንድ ምርመራ ብቻ ብትናገር ግማሹን ሰው በሐሰት ታስለቅሳለህ።

ለዚህ ነው በአንድ ምርመራ ፖዘቲቭ የማይባለው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሦስት የተለያዩ ምርመራዎች በተከታታይ ፖዘቲቭ ከሆነ ብቻ እንዲነገር ነው። መድሃኒት ከመጀመሩ በፊትም በአዲስ ናሙና ይደገማል። ያ ድጋሚ ምርመራ ማሽን ስለሚሳሳት ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት ሰው ቲዩብ ስለሚያምታታ፣ ስም ስለሚቀያየር፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ ያለበትን በ5 ደቂቃ ስለሚያነብ ነው። ከላብራቶሪ ስህተት ውስጥ ከግማሽ በላዩ የሚፈጠረው ናሙናው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። የሙያችን ኃፍረት ነው፣ ግን እውነት ነው።

የልጆች_እናት | ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

ልጆቼ፣ እኔም ጥያቄ አለኝ። 58 ዓመቴ ነው። ድሮ የተጀመረልኝን ዚዶቩዲን ያለበትን መድሃኒት ነው እስካሁን የምወስደው። ስኳርም አለብኝ። የሦስት ወር ስኳሬ 5.9 ነው፣ ጎበዝ ይሉኛል። ቤት በጣቴ ስለካ ግን በባዶ ሆዴ 160 እና 170 ነው የማየው። የቤቱን መለኪያ ልጄ "ጣይው፣ ተበላሽቷል" አለኝ።

ሐምራዊ_ክዳን | ረቡዕ፣ ማታ 3፡15

እናቴ፣ እንዳይጥሉት! ትክክል የሆነው የቤቱ ሊሆን ይችላል።

የሦስት ወር ስኳር የሚለካው ቀይ የደም ሴል ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው። ሴሉ ሦስት ወር ያህል ኖሮ ስኳር ያጠራቅማል ብሎ ያስባል። እርስዎ የሚወስዱት ዚዶቩዲን የቀይ ደም ሴሉን አሰራር ይለውጠዋል፣ ሴሉም ተለቅ ይላል። የደም ቆጠራ ወረቀትዎ ላይ ኤምሲቪ የሚለው ከ100 በላይ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። እንዲህ ሲሆን የሦስት ወር ስኳር ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ሐኪምዎን በባዶ ሆድ የደም ስር ስኳር እንዲያዝልዎት ይጠይቁ። ያ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደገመ 5.9ኙን አይስሙት። የቤትዎን ቁጥሮች በደብተር ጽፈው ይዘው ይሂዱ።

የልጆች_እናት | ረቡዕ፣ ማታ 3፡40

ኤምሲቪ 113 ይላል! ተባረክ ልጄ። ልጄን አስነብበዋለሁ።

አዲስ_ጀማሪ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡50

ክር ሰረቅኩ እንዳትሉኝ እንጂ፣ ዶሉቴግራቪር ከጀመርኩ ወር ሆነኝ። ክሪያቲኒኔ (የኩላሊት ምርመራ ቁጥር) ከ0.9 ወደ 1.05 ወጣ። ኩላሊቴ ነው?

የማታ_ተረኛ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡25

በዚህ መጠንና በዚህ ጊዜ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ዶሉቴግራቪር ክሪያቲኒን በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት የሚወጣበትን አንድ በር ይዘጋል። ኩላሊቱ ማጣራቱን አልቀነሰም፣ መለኪያው ነው የተታለለው። በመጀመሪያው ወር ትንሽ ከፍ ይልና እዚያው ይቆማል። እየጨመረ ከሄደ ወይም ሽንትህ ላይ ፕሮቲን ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ አብሮ የሚወሰደው ቴኖፎቪር እውነትም ኩላሊት ሊነካ ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮህ ሁለቱንም ይዩልህ። አታዛናቪር የሚባለውን ሌላ የኤችአይቪ መድሃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ቢሊሩቢናቸው (ደም ውስጥ ያለ ብጫ ቀለም) ከፍ ብሎ ዓይናቸው ብጫ ሲሆን ጉበቴ ነው ብለው ይደነግጣሉ። እሱም ብዙ ጊዜ የመድሃኒቱ ጠባይ ነው።

ነጻ_ወጣሁ | ዓርብ፣ ማታ 1፡12

ሄድኩ። የድሮ ፋይሌን አወጡት። ስጀምር 86,000 ነበር። ዛሬ ማታ መድሃኒቴን ወሰድኩ። ሌላ የምለው የለኝም።

የማታ_ተረኛ | ዓርብ፣ ማታ 1፡20

የእኔ ጀግና። ስላቆምከው ቀን ለሐኪምህ ነግረሃል? በአንድ ወይም ሁለት ወር ቫይራል ሎድ ይሰሩልህ።

ዘጠኝ_ዓመት | ከ7 ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ

ተመለስኩ። ሽሮፑን ካራቅሁ ቆየሁ። ለባለቤቴም ነገርኳት፣ "ለዚህ ነው ወይ ይሄን ሁሉ ሳምንት ያላወራኸኝ?" ብላ ገሰጸችኝ።

ቫይራል ሎድ ልድገም ብዬ ተቀዳሁ። በአራተኛው ቀን ተደውሎ "ናሙናህ ተመልሷል፣ ድጋሚ ና" ተባልኩ። ቲዩቡ ላይ ያለው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው አልገጠመም አሉ። ጠርጣራው፣ ያን ቀን አንተን ነው ያስታወስኩህ። እውነቱን ነው አልኩ።

ሐምራዊ_ክዳን | ከ7 ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ

መናደድህ ይገባኛል። ግን ናሙና የማይመልስ ላብራቶሪ ነው የሚያስፈራኝ። ቁጥሩ ሳይገጥም ዝም ብለው ቢሰሩት ኖሮ የሌላ ሰው ውጤት ይዘህ ትገባ ነበር። ያ ሰው ደግሞ ያንተን።

ጠርጣራው | ከ7 ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ

ይሄን እንኳ አላሰብኩትም ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ጻፍልን እንጂ፣ ተንጠልጥለን አንቅር።

ዘጠኝ_ዓመት | ከ9 ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ

መጣ። "ታይቷል፣ ከ20 በታች" ይላል። ድሮ "አልታየም" የሚልም ነበር። አሁን "ታይቷል" ማለቱ ምንድን ነው ደግሞ?

ሐምራዊ_ክዳን | ከ9 ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ

ማሽኑ ሽታው ደርሶታል፣ ግን ሊቆጥረው አልቻለም ማለት ነው። "አልታየም" ሲል ሽታም የለም። ለሕክምናህ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ አንዱ ወረቀት ላይ ይሄ፣ ሌላው ላይ ያ ይወጣል። በዚህ እንቅልፍህን እንዳታጣ። ቀጣይ ቀጠሮህ መቼ ነው?

ዘጠኝ_ዓመት | ከ9 ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ

ከ6 ወር በኋላ። እዚያው ላብራቶሪ፣ ጠዋት 2 ሰዓት።